ተጠየቅ፤ ልጠየቅ

በጥንቱ የአገራችን የዳኝነት ሥርዐት ሁለት ተሟጋቾች የነጠላቸው ጫፍ ከጫፍ ተቋጥሮ፣ ተቈራኝተው ከዳኛ ፊት ይቀርቡ ነበር። ዳኛው ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ፣ መንገደኛው ሳይቀር ዙሪያውን ከቦ ሲያደምጥ፣ አንደኛው ተሟጋች ይነሣና «ተጠየቅ!» ይላል፤ ሁለተኛውም «ልጠየቅ!» ብሎ ይመልሳል። ከዚያ በኋላ ነገር በነገር እየተነሣ፣ ጥያቄ በመልስ እየተፈተነ ሙግቱ ይቀጥላል። ተሟጋቾቹም የነገራቸውን እርግጠኛነት ለማሳየት በማር ወይም በበቅሎ ይወራረዳሉ። በመጨረሻ የተረታው ውርርዱን ይከፍልና ነጠላው ተፈትቶለት ወደ ቤቱ ይገባል፤ ከረታው ሰው ጋር በአንድ ገበያ ይውላል፤ በአንድ ለቅሶም ይቀመጣል።

ከሁለቱ ቃላት የመጀመሪያው ቀላል ነው። ሌላውን «ተጠየቅ» ማለት ድምፅና ጕልበት ላለው ሁሉ ይቻላል። «ልጠየቅ» ማለት ግን ራስን ለጥያቄ አሳልፎ መስጠት ስለ ሆነ የበሰለ ልብ ይሻል። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንኑ ሁለተኛውን ቃል ነው፤ ይኸውም አባቶቻችን በትምህርትና በሃይማኖት ነገር «ልጠየቅ» ባሉበት ጊዜ ምን እንዳተረፉ፣ እንቢ ባሉበትም ጊዜ ምን እንዳጠፉ ከታሪክ ለመመልከት ነው። የምናነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውልልን እንለምናለን።

በመጀመሪያ ስለ ትምህርት ቤቱ እንናገር። «የአገራችን የጥንት ትምህርት በቃል ማጥናትን እንጂ መጠየቅን አያውቅም» የሚል ወቀሳ ብዙ ጊዜ እንሰማለን። ወቀሳው ለጀማሪው ደረጃ እውነትነት አለው። ፊደል ከሚቈጥርና ዳዊት ከሚደግም ሕፃን የሚፈለገው ማንበብና መያዝ ነው፤ ቢያመነታ አለንጋ ይጠብቀዋል። ነገር ግን ተማሪው አድጎ፣ ለምዱን ደርቦ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ወደ ቅኔ ቤት የገባ እንደ ሆነ ሥርዐቱ ይለወጣል። ቅኔ በየጊዜው አዲስ ሆኖ ይዘረፋል እንጂ የትናንቱ ለዛሬ አይደገምም፤ ስለዚህ በቃል መያዝ ብቻውን ማንንም አያሳልፍም። ተማሪው ከሰው ተለይቶ ሲቈጥር ይውልና ቅኔውን ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩም ሰሙን ከወርቁ ጋር ያመዛዝናል፤ አገባቡን ከግዕዝ ሰዋስው ጋር ያስተያያል፤ የጐደለውን ያቃናል፤ የማይሆነውንም ያፈርሳል። ባልንጀሮቹ ይህን ሁሉ ይሰማሉ። ዋሸራን፣ ጎንጅንና ዋድላን በመሰሉ ስመ ጥር የቅኔ አገሮች ያለፈ ሰው፣ የገዛ ዐሳቡ በሰው ፊት ሲፈርስበት ሳይቈጣ እንደ ገና መሥራትን የተማረ ሰው ነው። ይህ ትምህርት ከቅኔው ጥበብ የሚያንስ አይመስለንም።

ከቅኔ ቤት ያለፈው ደግሞ ወደ መጻሕፍት ትርጓሜ ቤት ይገባል። ይህ ቤት ብሉያት፣ ሐዲሳት፣ ሊቃውንትና መነኮሳት በሚባሉ አራት ጉባኤያት የተከፈለ ነው። መምህሩ የግዕዙን ንባብ በአማርኛ ይፈታና ምስጢሩን ያትታል። አንዱን ትርጓሜ ከጨረሰ በኋላ «አንድም» ብሎ ሌላ ትርጓሜ ያመጣል፤ ሦስተኛ ቢኖር እንደ ገና «አንድም» ይላል። የትርጓሜው ስልት ሁሉ ስሙን ያገኘው ከዚህች ከአንዲት ቃል ነው። እዚህ ላይ ልናስገነዝብ የምንፈልገው ሁለተኛው ትርጓሜ ሲመጣ የመጀመሪያው አለመሰረዙን ነው። ከቀደሙት መምህራን አንዱ እንዲህ ብሏል፤ ሌላውም እንዲያ ብሏል፤ ሁለቱም በጉባኤው ውስጥ ቦታ አላቸው። ተማሪው ሁለቱንም ይይዛል፤ ሲያስተምርም ሁለቱንም ያስተላልፋል። ስለዚህ ከብዙ ዘመን በፊት የተለየ ዐሳብ የሰጠ ሊቅ፣ ስሙ ቢረሳ እንኳ፣ ዐሳቡ ከነክብሩ እስከ ዛሬ ይነገራል ማለት ነው።

ጐንደር መናገሻ በነበረችበት ዘመን ይህ ትምህርት እጅግ ሰፋ። በ18ኛው መቶ ዓመት መምህር ኤስድሮስ ከቀድሞው የተለየ አካሄድ ስላወጡ የትርጓሜው ትምህርት «ላይ ቤት» እና «ታች ቤት» ተብሎ ተከፈለ። ዛሬ በብዛት የሚሰጠው የታች ቤቱ ነው። ሁለቱ ቤቶች በአፈታትና በሐተታ ይለያዩ እንጂ በአንዲት ቤተ ክርስቲያን ያስተምሩ፣ በአንድ ቅዳሴ ይቆሙ ነበር። መለያየት ማለት የግድ መበታተን እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ምስክር ማግኘት ያስቸግራል።

እርግጥ ነው፣ «አንድም» ወሰን አለው። ንባብን በመፍታት ብዙ መንገድ ይፈቀዳል፤ በሃይማኖት መሠረት ላይ ግን መምህራኑ አንዱን ይዘው ሌላውን ይነቅፋሉ። ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ነው። ክርክሩ ከጉባኤ ቤት ወጥቶ ወደ ቤተ መንግሥት ሲገባ፣ ከመምህሩ አለንጋ ይልቅ የንጉሥ ሰይፍ በአጠገቡ ሲቆም ምን ሆነ? ታሪካችን ለዚህ ጥያቄ ሁለት ዐይነት መልስ ይሰጠናል።

የመጀመሪያው የሰንበት ነገር ነው። በ14ኛው መቶ ዓመት በሰሜን የተነሡት አባ ኤዎስጣቴዎስ እሑድ ብቻ ሳይሆን ቀዳሚት ሰንበትም እንድትከበር አጥብቀው ያስተምሩ ነበር። ከእስክንድርያ ይላኩ የነበሩት ጳጳሳት ደግሞ ይህን አይቀበሉም። ነገሩ ስለ ከረረ አባ ኤዎስጣቴዎስ ከአገር ወጥተው በግብፅና በኢየሩሳሌም በኩል አልፈው እስከ አርመን ድረስ ሄዱ፤ በዚያም በ1352 ዐረፉ። ደቀ መዛሙርታቸው ግን ትምህርቱን አልተዉም። ከሌላው ካህን ተለይተው፣ ክህነት ተከልክለው፣ በየገዳማቸው ተወስነው ኖሩ፤ ደብረ ቢዘንን የመሰሉ ገዳማት የተመሠረቱት በዚህ ዘመን ነው።

በ1400 ዐፄ ዳዊት እነዚህን መነኮሳት አስጠርተው ከጳጳሱ ከአቡነ በርተሎሜዎስ ወገን ጋር አከራከሯቸው። መነኮሳቱ ዐሳባቸውን አንለውጥም ስላሉ አለቃቸው አባ ፊልጶስ ታሠሩ። ነገር ግን ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1404፣ ንጉሡ መነኮሳቱ ተፈትተው ቀዳሚት ሰንበትን እንደ ልማዳቸው እንዲያከብሩ ፈቀዱ፤ ቤተ መንግሥቱ ግን በጳጳሱ ሥርዐት ጸና። ይህን ፍርድ ቀረብ ብለን ብንመለከተው የሚያስደንቅ ነው። ንጉሡ ማን እውነተኛ እንደ ሆነ ሳይወስኑ፣ ሁለቱ ወገኖች በአንድ አገር እንዲኖሩ ወሰኑ። በትርጓሜ ቤት ቋንቋ እንናገር ካልን «አንድም» አሉ ማለት ነው።

የመጨረሻው እርቅ የመጣው በ1450 በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን፣ በሸዋ በተጉለት በደብረ ምጥማቅ በተደረገው ጉባኤ ነው። ከግብፅ የመጡት ሁለቱ ጳጳሳት አቡነ ሚካኤልና አቡነ ገብርኤል ሁለቱ ሰንበታት እንዲከበሩ ተስማሙ፤ የኤዎስጣቴዎስ ልጆችም ከጳጳሳቱ እጅ ክህነት ለመቀበል ፈቀዱ። ነገሩ ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቷል። ነገር ግን ሲያልቅ ሁለቱም ወገኖች ሰጥተው፣ ሁለቱም ተቀብለው ነው የወጡት። በዚያ ቀን ተረትቶ የተባረረ አልነበረም። በዚህም ምክንያት ያ ጉባኤ ያጸናው ነገር እነሆ እስከ ዛሬ ጸንቶ ይኖራል።

ሆኖም የአንድን ንጉሥ መልካም ሥራ ስናነሣ ሌላውን መሸፈን የታሪክ ጸሐፊ ሥራ አይደለም። በዚያው በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን አባ እስጢፋኖስ የሚባሉ የትግራይ መነኩሴ ነበሩ። እርሳቸውና ልጆቻቸው «ስግደት ለሥላሴ ብቻ ይገባል» በማለት ለንጉሡም፣ ለእመቤታችን ሥዕልና ለመስቀልም አንሰግድም አሉ። በዐደባባይ ቀርበው ተጠየቁ፤ መልስም ሰጡ። መልሳቸው ግን ንጉሡ የሚሰሙት ዐይነት አልነበረም። አባ እስጢፋኖስ በእስራት ሞቱ። ከተከታዮቻቸው ብዙዎች ተገረፉ፤ አካላቸው ተቈረጠ፤ በድንጋይም ተወገሩ። የደረሰባቸውን ራሳቸው በግዕዝ ጽፈው አቈይተውልናል፤ በዘመናችንም ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ወደ አማርኛ መልሰውት ብዙ ሰው ሊያነበው ችሏል።

እኛ እዚህ ላይ በትምህርታቸው ለመፍረድ አልተነሣንም፤ ያ የሊቃውንት ድርሻ ነው። የምንጠይቀው ሌላ ነገር ነው፤ ሰይፉ ጥያቄውን አጠፋው ወይ? አላጠፋውም። የአባ እስጢፋኖስ ልጆች በአጋሜ በጉንዳ ጉንዴ ገዳም ጸንተው ኖሩ፤ በጽሕፈታቸውና በሐረጋቸው ማማር የሚደነቁ የብራና መጻሕፍትም አዘጋጁ። ስለዚህ በአንድ ንጉሥ ዘመን ሁለት ክርክር ተነሥቶ፣ አንደኛው በጉባኤ ስለ ታየ በእርቅ አለቀ፤ ሁለተኛው በቅጣት ስለ ታየ ግን ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ቁስል ሆነ። ልዩነቱ ከንጉሡ እውቀት ማነስ አልመጣም፤ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ መጻሕፍትን ያስጻፉ ሊቅ ነበሩና። በአንደኛው ነገር «ልጠየቅ» አሉ፤ በሁለተኛው አላሉም።

በቀጣዩ መቶ ዓመት የኢማም አሕመድ ጦር አገሩን ሲያጥለቀልቅ ደብረ ሊባኖስ በ1531 ተቃጠለ። የዚያ ገዳም እጨጌ የነበሩት አባ ዕንባቆም ከየመን የመጡ፣ በእስልምና ተወልደው ያደጉና ኋላ ክርስቲያን ሆነው የመነኰሱ ሊቅ ናቸው። ገዳማቸው ተቃጥሎባቸው፣ ከቦታ ወደ ቦታ እየሸሹ ሳሉ በ1540 ግድም «አንቀጸ አሚን» የተባለውን መጽሐፍ ለኢማሙ ጻፉ። በዚህ መጽሐፍ የሚከራከሩት ቁርኣንን ራሱን እየጠቀሱ ነው። ጽሑፉ የሃይማኖት ሙግት ስለ ሆነ የሙስሊም ሊቅ ሲያነበው የሚመልሰው ብዙ ነገር እንደሚኖረው አያጠራጥርም። የእኛ ትኵረት በአደራረጉ ላይ ነው። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ብዕር አንሥቶ፣ የባላጋራውን መጽሐፍ በሚገባ ዐውቆ፣ በሚያከብረው ቃል ሊያናግረው ሞከረ። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ እንደ ተባለ፣ ተከራካሪ አስቀድሞ የሚከራከረውን ሰው ምንጭ ሊያውቅ ይገባዋልና።

ከዚህ ቀጥሎ የምናገኘው የዐፄ ገላውዴዎስን ምሳሌ ነው። በ1555 ጎንሳሎ ሮድሪጌዝ የተባለ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን መጥቶ የሮማን ሃይማኖት ትክክለኛነት የሚያስረዳ ጽሑፍ አቀረበላቸው። ያን ጊዜ ፖርቱጋሎች በጦርነቱ የደሙላቸው ባለውለታዎች ነበሩ፤ ስለዚህ መልሱ ከባድ ነበር። ንጉሡ ግን የላኪዎቹን ወዳጅነት ሳያፈርሱ፣ የአገራቸውንም እምነት ሳይለቁ፣ በዚያው ዓመት አጭር የሃይማኖት መግለጫ ጻፉ። በመጀመሪያ ሁለቱ ወገኖች የሚስማሙበትን የጥንት ጉባኤያት እምነት አስቀደሙ። ከዚያም ስለ ሰንበት፣ ስለ ግዝረትና ስለ ዕሪያ ሥጋ የቀረበውን ነቀፋ በየተራ መለሱ፤ ሰንበትን የሚያከብሩት እንደ አይሁድ አለመሆኑን፣ ግዝረት የአገር ልማድ መሆኑን፣ በመብል ነገርም ማንንም እንደማያስገድዱ አስረዱ። በጽሑፉ ውስጥ ሮማን የሚሰድብ ነገር አልጨመሩም። ይህ አጭር መግለጫ ኋላ በ1661 በሎንዶን ከተማ ታትሞ በአውሮፓ ሊቃውንት ዘንድ የአገራችን ስም በእውቀት እንዲነሣ አድርጓል።

በ1557 ደግሞ ጳጳሱ አንድሬ ዴ ኦቪየዶ መጣ። ዐፄ ገላውዴዎስ ራሳቸው በጉባኤ ተቀምጠው ከእርሱ ጋር ተከራከሩ። ጳጳሱ ስላልተሳካለት በ1559 መጀመሪያ የኢትዮጵያን ቤተ ክርስቲያን የሚነቅፍ መግለጫ አወጣ። ንጉሡ ግን በዚህ ምክንያት አላሠሩትም፤ ከአገርም አላባረሩትም። ጥቂት ቈይተው፣ በመጋቢት ወር፣ በጦር ሜዳ ወደቁ። ከእርሳቸው በኋላ ኦቪየዶ ያን የመሰለ ትዕግሥት አላገኘም።

የዚህን ተቃራኒ ለማየት ከሰባ ዓመት በላይ መሄድ አያስፈልግም። በ1603 የመጣው ፔድሮ ፓኤዝ ግዕዝና አማርኛ ተምሮ፣ የአገሩን ልማድ አክብሮ፣ በቤተ መንግሥት ከሊቃውንቱ ጋር እየተከራከረ ያስተምር ነበር። ዐፄ ሱስንዮስም ቀስ በቀስ ተሳቡ። ነገር ግን ንጉሡ የራሳቸውን መረዳት ለሕዝቡ በዐዋጅ ሊሰጡ ተነሡ። በ1617 ጳጳሱ አቡነ ስምዖን ከተቃዋሚዎቹ ወገን ሆነው በጦርነቱ ሞቱ። ንጉሡ በ1622 የካቶሊክን እምነት መቀበላቸውን በይፋ ገለጹ፤ ፓኤዝም በዚያው ዓመት ሞተ። ከእርሱ በኋላ የመጣው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ በ1626 በደንቀዝ ንጉሡንና መኳንንቱን ለሮማ አስማለ። ካህናቱ ዳግመኛ ክህነት፣ ሕዝቡም ዳግመኛ ጥምቀት እንዲቀበል፣ የበዓላቱም ቀን እንዲለወጥ ታዘዘ። በፓኤዝ ዘመን ጥያቄ የነበረው በሜንዴዝ ዘመን ትእዛዝ ሆነ።

ውጤቱ የታወቀ ነው። በ1632 በወይና ደጋ በተደረገው ጦርነት ወደ 8,000 የሚሆን ሰው እንዳለቀ ይነገራል። ድሉ የንጉሡ ነበር። ነገር ግን የወደቁት የገዛ ሕዝባቸው እንጂ ባዕዳን ስላልነበሩ ድሉ ደስታ አላመጣላቸውም፤ የጥንቱ ሃይማኖት እንዲመለስ ዐውጀው ዙፋኑን ለልጃቸው ለዐፄ ፋሲለደስ ለቀቁ፤ በዚያው ዓመትም ዐረፉ። ዐፄ ፋሲለደስም ኢየሱሳውያኑን ከአገር አስወጡ፤ በሩን ዘጉ። በሩ ሲዘጋ ከአስገዳጁ ጋር መጽሐፉም ጥበቡም ውጭ ቀረ። በግድ የገባ ትምህርት፣ በውዴታ ሊገባ የሚችለውን ሌላ ትምህርት ሁሉ ይዞ ይወጣል።

ሊቃውንቱ ግን ክርክሩን አላቆሙም። ከሮማ ጋር የተጀመረው ውይይት የራሳችንን ሊቃውንት በክርስቶስ ልደትና በመንፈስ ቅዱስ ቅብዐት ትርጓሜ ከፋፈላቸው፤ «ካራ»፣ «ቅባት» እና «ጸጋ» የተባሉ ወገኖች ተነሡ። ሁለት መቶ ዓመት ያህል ጉባኤ በጉባኤ ላይ ተደረገ፤ ንጉሥ በተለወጠ ቍጥር ረቺውና ተረቺው ይለዋወጥ ነበር። ዛሬ የረታ ነገ ይሰደዳል። ተረቺው እንዲኖር ስላልተፈቀደለት፣ ጊዜ ሲመችለት እርሱም ሌላውን አያኖርም።

በ1878 ዐፄ ዮሐንስ ይህን ለመቍረጥ በወሎ በቦሩ ሜዳ ታላቅ ጉባኤ አደረጉ፤ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም ነበሩ። ሊቃውንቱ ተከራከሩ፤ ከእስክንድርያ የመጣው ደብዳቤም ተነበበ፤ የጸጋዎች ትምህርት ተወገዘ። ንጉሠ ነገሥቱ የፈለጉት የአገሩን አንድነት ነው፤ ድንበሩ በባዕድ በሚደፈርበት ዘመን አንድነትን መመኘታቸው አያስነቅፍም። ነገር ግን ጉባኤው ከተደረገበት ሜዳ ዙሪያ የሚኖረው የወሎ ሙስሊም ክርስትናን እንዲቀበል በዚያው ጊዜ ታዘዘ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል ተባሉ። ብዙዎች ግን ተሰደዱ፤ ሼኽ ጠልሓ ቢን ጃዕፈርን የመሰሉም እየመሩ ተቃወሙ። ስለ ልደት ረቂቅ ምስጢር የሚናገሩት ሊቃውንት ተራ ተሰጥቷቸው ሲደመጡ፣ ስለ ገዛ እምነቱ «ልጠየቅ» ሊል የሚገባው ባላገር ግን ቃል አልተሰጠውም።

ይህ ነገር ይበልጥ የሚያሳዝነው የወሎ ሼኾች ራሳቸው የክርክርን ሥርዐት የሚያውቁ ሰዎች ስለ ነበሩ ነው። ደረሳው ኪታቡን በሼኹ ፊት ሲቀራ የሐነፊውና የሻፍዒው መንገድ በፍርድ ነገር እንደሚለያዩ፣ ሁለቱም ግን የተከበሩ እንደ ሆኑ ይማራል። የትርጓሜ ቤቱ «አንድም» በመስጊዱም አጠገብ ወንድም ነበረው ማለት ነው። የወሎ ሕዝብ ያ ሁሉ ካለፈ በኋላ በአንድ ቤተ ዘመድ ሙስሊምና ክርስቲያን ሆኖ፣ በሰርግና በለቅሶ ተጠራርቶ መኖሩ፣ ዐዋጅ ያልቻለውን መከባበር እንደ ቻለው ያሳያል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ምን እንማራለን? ብዙ ሰው «ጉባኤ ከተደረገ በቂ ነው» ይላል። ታሪካችን ግን እንዲህ አይልም። ጉባኤ በደብረ ምጥማቅም ነበረ፤ በደንቀዝም ነበረ፤ በቦሩ ሜዳም ነበረ። የሚለያዩት በማግሥቱ ነው። አንድ ክርክር ጨዋ መሆኑ የሚታወቀው የተረታው ሰው በማግሥቱ የት እንዳደረ ሲጠየቅ ነው። በጥንቱ ችሎት የተረታው ማሩን ወይም በቅሎውን ከፍሎ ከቤቱ ያድራል። በትርጓሜ ቤት የተረታው ዐሳብ በ«አንድም» ተጠልሎ ያድራል። በደብረ ምጥማቅ ሁለቱም ወገኖች በቤተ ክርስቲያናቸው አደሩ። ተረቺው በእስር፣ በስደት ወይም በመቃብር ካደረ ግን ክርክሩ አላለቀም፤ ቀጠሮ ተሰጠው እንጂ።

አንባቢ ይህ የነገሥታትና የሊቃውንት ነገር ነው ብሎ እንዳይተወን እንሰጋለንና ጥቂት ስለ ራሳችን እንጨምር። በተማርንበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከእኛ አንዱ ተነሥቶ በጥቍር ሰሌዳ የተጻፈው ዓመት ከመጽሐፉ ጋር ለምን እንደማይስማማ ቢጠይቅ፣ መምህሩ «አንተ ልታስተምረኝ ነው?» ብለው አስቀመጡት። ያ ልጅ እስከ ዓመቱ መጨረሻ እጁን አላወጣም፤ እኛም ከእርሱ ተምረን አላወጣንም። ዛሬ ምክንያቱን ስናስበው መምህሩ በአንዱ መጽሐፍ የአገራችንን፣ በሌላው የአውሮፓውያንን አቈጣጠር አይተው ሳይሆን አይቀርም። በአንድ ደቂቃ «ልጠየቅ» ሊፈታ የሚችለው ነገር ለአርባ ተማሪ የዝምታ ትምህርት ሆኖ ቀረ።

ዝምታውንም ይዘነው ወደ ሥራ ገባን። አንድ ጊዜ በምንሠራበት ክፍል አንድ የማስታወቂያ ደብዳቤ ተረቅቆ በስብሰባ ላይ ተነበበ። ባለጉዳዮች ማመልከቻ የሚያቀርቡበት የመጨረሻ ቀን ተብሎ የተጻፈው የበዓል ቀን ነበር። ከተሰበሰብነው መካከል ቢያንስ አራታችን ይህን አይተናል፤ ይህንም ያወቅነው ከስብሰባው ወጥተን በኮሪደሩ ስንነጋገር ነው። ማናችንም አልተናገርንም፤ «ዝም አይነቅዝም» የሚለውን ተረት እያሰብን አንገታችንን ነቅንቀን ወጣን። ደብዳቤው ተባዝቶ ተላከ። በዚያ ቀን ከሩቅ አገር የመጡ ሽማግሌዎችና እናቶች የተዘጋ በር ሲያንኳኩ ዋሉ። ዝም ያለው አፋችን በእርግጥ አልነቀዘም፤ የነቀዘው ሥራችን ነው። ጥፋቱንም በአለቃችን ላይ ብቻ ልናሳብብ አንችልም፤ «ጥያቄ ያለው አለ?» ብለው ጠይቀው ነበርና።

መጠየቅ ግን መድፈር አይደለም። የቅኔ ተማሪ መምህሩን ሲጠይቅ «የኔታ» ብሎ፣ ነጠላውን አደግድጎ ነው። ዐፄ ገላውዴዎስ እንቢታቸውን የጻፉት ስድብ ሳይጨምሩ ነው። አባ ዕንባቆም የባላጋራቸውን መጽሐፍ ሳያነቡ አልተከራከሩም። ከእነዚህ የምንወርሰው ሥርዐት ሦስት ነገር ያዘናል፤ የሌላውን ዐሳብ እርሱ ራሱ በሚቀበለው ቃል አስቀድሞ መናገር፣ ነገሩን መንቀፍ እንጂ ሰውየውን አለመንቀፍ፣ ከረታንም በኋላ የተረታው የሚያድርበትን ቦታ አለመንሣት። አክብሮት የሌለው ጥያቄ ጠብ ነው፤ ጥያቄ የሌለበት አክብሮትም ፍርሃት ነው።

ስለዚህ አስተማሪ የሆነ ሁሉ ከክፍሉ ሲገባ፣ አለቃ የሆነም ከወንበሩ ሲቀመጥ፣ አባትም ከማዕዱ ላይ ልጁ አንገቱን ቀና አድርጎ «ለምን?» ሲለው፣ ያችን የጥንት የዐደባባይ ቃል ያስታውስ። ልጁ «ተጠየቅ» ለማለት ድፍረት አያንሰውም፤ ድፍረቱ በጨዋነት እንዲያድግ ግን ከእኛ የሚጠብቀው አንድ መልስ አለ። እርሱም «ልጠየቅ» የሚለው ነው።